ሠላሳ ፈረሱላ ንጹህ ጀንፈል

ሻጋታ የምትለው ቃል ዘይቡ ጆሮ ውስጥ የገባችው በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ገብታ አራት ዓመት ሙሉ አልወጣችም።

ኡመይር የሟቹ ባሏ ጓደኛ ነበር። ጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ ከተማና ከአካባቢዋ ገበሬዎች ቡና እየሰበሰበ ጅማ መጋዘን የሚያስገባ፣ የታወቀ ሰው። በዚያ ዓመት በአሥር ጆንያ የሞላችውን ሠላሳ ፈረሱላ ጀንፈሏን፣ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የደረቀውን ቡናዋን፣ ደጇ ድረስ አይሱዙ አምጥቶ ጫነላት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ወንበር ብታቀርብለት አልቀመጥ አለ። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ፣ "ዘይቡ እህቴ፣ በምን አፌ ልንገርሽ፤ ቡናሽ ሻግቷል ብለው መለሱብኝ" አላት።

ደህና ጀንፈል በዚያ ሳምንት የቡ ገበያ ላይ ፈረሱላው፣ አሥራ ሰባቱ ኪሎ፣ አምስት መቶ ብር ነበር። ኡመይር መጋዘኑን ለምኖ፣ የባሏን ስም ጠርቶ፣ ከእግር ወድቆ በመቶ ሃምሳ እንዳስያዘላት ነገራት። አራት ሺህ አምስት መቶ ብር ቆጥሮ ሰጣት። አንዲት ወረቀት አወጣና አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አሳተማት። ከዚያ እሷ፣ ይህን ባስታወሰች ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች፣ "አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ" ብላ መርቃ ሸኘችው።

ዘይቡ የተማረችው እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቁጥር አትሳሳትም፤ ጽሑፍ ግን ተያይዞ ሲመጣባት ዓይኗ ይሸሻል። ቡና ላይ ደግሞ የሚያስተምራት ሰው የለም። ቀይ ያልሆነ ፍሬ ከቅርጫቷ አይገባም። የሽቦ አልጋ ላይ ታሰጣዋለች፣ በቀን አምስት ጊዜ ታገላብጠዋለች፣ ዳመና ባየች ቁጥር ሮጣ ትሸፍነዋለች። ደረቀ ስትል አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰብራ ድምፁን ትሰማለች። ባሏ በሕይወት እያለ፣ "እኔን እንዲህ ብትንከባከቢኝ መቶ ዓመት እኖር ነበር" ይላት ነበር። እንግዲህ ይህች ሴት ናት ሻገተብሽ የተባለችው።

በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ የለም። የቱ ጋ ነው ውሃ የነካው? የትኛው ጆንያ ነው እርጥብ የነበረው? ባዶ ጆንያዎቿን ገልብጣ አሸተተች፣ የጎተራውን ወለል በእጇ ዳሰሰች። ምንም አላገኘችም። እንዳላገኘች ግን ለማን ትናገር? ወሬው ከእሷ ቀድሞ የቡ ገበያ ደርሷል። በሚቀጥለው ዓመት ገዢዎቹ የሌላውን ሰው ጆንያ በዓይን እያዩ ሲያሳልፉ፣ እሷ ጋ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ይከቱታል። "የማን ነው ይሄ? የዘይቡ? ቆይ እስቲ ላሽተው።" አንዱ አሽትቶ ምንም ሲያጣ እንኳ፣ ለማንኛውም ብሎ ሃያ ብር ይቀንሳል። ዘይቡም፣ ዋጋዋን አፏን ሞልታ የምትጠራው ሴት፣ ሌላ ሰው እስኪጠራላት መጠበቅ ለመደች። ይህ ነው አንጀቷን ያሳረራት።

እውነቱ የወጣው በ2016 ኅዳር ነው፣ ያውም ካላሰበችው ሰው አፍ።

በዚያ የለቀማ ወቅት ቡናዋን እንዲለቅሙላት ከጅማ የቀን ሠራተኞች አስመጣች። ከእነሱ መካከል አጸደ የምትባል፣ ከዳውሮ በኩል መጥታ ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር የተከራየች፣ እየሠራች መዝሙር የምታንጎራጉር፣ ወሬኛ ሴት ነበረች። በሌላው ጊዜ መጋዘን ውስጥ የተፈለፈለ ቡና ትለቅማለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ዘይቡ የጆንያ አፍ ስትሰፋ አጸደ አጠገቧ ተቀምጣ ታያታለች። ዘይቡ ጆንያ የምትሰፋው እንደ ሰው አይደለም። ቀይ ክር ደርባ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያጠላለፈች ነው፣ እናቷ እንዳሳየቻት። አጸደ መዝሙሯን አቆመች።

"እትዬ ዘይቡ፣ ይሄን ስፌት ሌላ ሰው ይሰፋዋል?"

"ማንም። ምነው?"

"ታዲያ አንቺ ነሻ።" አጸደ በሳቅ ጉልበቷን መታች። "እራት ያሳጣሽን ሴት አንቺ ነሻ።"

አጸደ እየሳቀች አስረዳቻት። በዚያ መጋዘን ለቃሚዎች የሚከፈላቸው ከቡናው ውስጥ አውጥተው በሚጥሉት ነው። ጥቁሩን፣ የተነቀዘውን፣ የሻገተውን ፍሬ ለቅመው ጣሳ ይሞላሉ፤ ማታ ጣሳው ተቆጥሮ ይከፈላቸዋል። መጥፎ ቡና ሲመጣ ሴቶቹ ይደሰታሉ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጥር ላይ፣ ኡመይር ካመጣው ውስጥ አሥር ጆንያ ለብቻው ተፈልፍሎ ፊታቸው ፈሰሰ። ጆንያዎቹን እንደ ልማዳቸው ዘርግተው ተቀመጡባቸው፤ አፋቸው ላይ ቀይ ክር ነበረ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ፈለጉ፣ የሚጣል ፍሬ የለም። አሥራ ሁለት ሴት ለቅማ ሦስት ጣሳ አልሞላም።

"የሰፋችውን ሴት ስንረግም ዋልን፤ ጌታ ይቅር ይበለን" አለች አጸደ። "ይቺ ምን ዓይነት ጨካኝ ናት፣ አንዲት ጥቁር ፍሬ እንኳ አትተውልንም? አልን።"

ዘይቡ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክታ ተነሣች። ጓሮ ዞራ ብቻዋን ቆመች። አለቀሰች የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን ዱቄት ዓይኔ ገብቶ ነው ትላለች፣ ምንም እንኳ በዚያ ቀን ቤቷ ውስጥ የተፈጨ ነገር ባይኖርም።

በማግስቱ ጅማ ወርዳ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ለካስ ብቻዋን አልነበረችም። ኡመይር የአንዱን ቡና ሻግቷል፣ የሌላውን ሚዛን ጎድሏል፣ የሦስተኛውን መኪና ተገልብጦ ፈሰሰ እያለ አሥራ ስምንት ገበሬ በልቷል። ምርመራ ተጀምሯል። ዘይቡ አሥራ ዘጠነኛ ሆኜ ልግባ አለች። መርማሪው የጣት አሻራዋ ያለበትን ደረሰኝ ከተያዙት ወረቀቶች መካከል አወጣና አነበበላት። የሻገተ ጀንፈል፣ ሠላሳ ፈረሱላ፣ ዋጋው አራት ሺህ አምስት መቶ ብር፣ ተከፍሏል ይላል።

"እንግዲህ አዴ፣ እናቴ፣ ንብረቱ አራት ሺህ አምስት መቶ ነው፣ የተቀበሉትም አራት ሺህ አምስት መቶ ነው" አላት። "ምን ጎደለብዎት?"

ዘይቡ ወረቀቱን አየችው። የራሷ ጣት፣ ከነመስመሩ፣ ሻጋታ ከሚለው ቃል ሥር ተቀምጧል። ሦስት ዓመት ያንገበገባትን ቃል ለካ ራሷ አትማበታለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይመለስ ነበር። እሷ ግን እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ ልጇ ሳቢሃ ቤት አደረችና ጠዋት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በር ላይ ተገኘች። አትገቢም ስትባል ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በሁለተኛውም ቀን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ኦሊያድ የሚባለው ወጣት ዐቃቤ ሕግ፣ መዝገቡን የያዘው እሱ ነበር፣ በአጠገቧ ሲያልፍ ሰለቸውና፣ "አዴ፣ እዚህ ቤት ሊሠሩ ነው እንዴ? ይምጡ፣ ይግቡ" አላት።

ነገረችው። ኦሊያድ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከረ ሰማና ደረሰኙን አገላበጠ።

"ይሄንን የጻፈው ማነው?" አለ።

"እሱ።"

"ታዲያ አታላይ በጻፈው ዋጋ አታላዩ አይከሰስም። እንደዚያማ ቢሆን ማንም ሌባ የሰረቀውን በሬ ፍየል ነው ብሎ ይጽፍና ይገላገላል።" ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። "ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያ ቡና፣ ከእጅዎ በወጣበት ቀን፣ በወጣበት ቦታ፣ የማይዋሽ ሰው ለማይዋሽ ሰው ቢሸጠው ስንት ያወጣ ነበር? ያ ነው ዋጋው። እሱ የከፈለዎት አይደለም፣ ወረቀቱ ያለውም አይደለም። ዕቃው የነበረውን ነው የምንመዝነው።"

ዘይቡ ቃሉን ሁለቴ አስደገመችው። ዕቃው የነበረውን። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰማችው ንግግር ሁሉ ደስ ያላት ይሄ ነው።

"ግን ንጹህ እንደነበር ያየ ሰው ያስፈልገኛል" አላት ኦሊያድ። "እርስዎ የራስዎን ቡና ቢያመሰግኑ ማን ያምናል?"

"ያመሰገነኝ የለም። የረገመኝ ሰው ግን አለኝ" አለችው።

ስሟ በክሱ ላይ አሥራ ዘጠነኛ ሆኖ ገባ። ኦሊያድ የዚያን ሳምንት የገበያ ዋጋ ከየቡ አስመጣ፤ አምስት መቶ ብር። ሠላሳ ፈረሱላ፣ አሥራ አምስት ሺህ ብር።

ይህን ሲሰማ መንደሩ በሙሉ መካሪ ሆነ። በ2017 የቡና ዋጋ ሰማይ ነክቶ አንድ ፈረሱላ ጀንፈል ሦስት ሺህ ብር ገብቷል። ሳቢሃ እንኳ፣ "እማ፣ ዘጠና ሺህ በያቸዋ። ያንን ቡና ጎተራሽ ውስጥ አስቀምጠሽው ቢሆን ዛሬ ዘጠና ሺህ ነበር" ብላ ጨቀጨቀቻት። ዘይቡ ተቆጣች። ቡናው በዚያን ቀን አሥራ አምስት ሺህ ነበር፤ እኔም አሥራ አምስት ሺህ እላለሁ፣ አለች። አምስት ሳንቲም ብጨምር እኔና እሱ በምን እንለያለን? እሱ የእኔን ዝቅ አደረገ፣ እኔ ከፍ ላደርግ ነው? የነበረውን ነው የምፈልገው። ሳቢሃ እናቷን ታውቃለችና ተወቻት።

ምስክር ሊሰማ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌ ተላከባት። ከጅማ በላይ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ኦቦ ቲጃኒ ቤት ተጠራች። ኦቦ ቲጃኒ ሰማንያ የዞሩ፣ ባሏን ያሳደጉ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ኡመይር በዋስ ወጥቶ እዚያ ቁጭ ብሏል። ከስቷል። ዘይቡ ስታየው ልታዝንለት ምንም አልቀራትም ነበር፣ ባይናገር።

ኦቦ ቲጃኒ በፈጣሪ ስም ከፍተው፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሟቹ፣ ስለ ልጆቹ ተናገሩ። ኡመይር አጥፍቻለሁ ብሏል፣ ካሣ ይዟል አሉ። ኡመይር ላስቲክ ውስጥ የተጠቀለለ ብር ምንጣፉ ላይ አደረገ።

"ዘጠና ሺህ ነው፣ እህቴ። በዛሬ ዋጋ አስቤ ነው።"

ዘይቡ ብሩን አየችው። ብር ነው፤ ጣሪያዋ ያፈሳል፣ እንደ ድንጋይ አላየችውም። "እና ወረቀቱስ?" አለች።

"የቱ ወረቀት?"

"ሻጋታ የሚለው።"

ኡመይር ወደ ምንጣፉ አየ። "እሱማ ያለፈ ነገር ነው። አንቺ ችሎት ስትቀርቢ ብቻ፣ ቡናው እንዴት እንደነበር በደንብ አላስታውስም በያቸው። ምናልባት እርጥበት ነክቶትም ይሆናል። በዚህ ማን ይጎዳል? ያኔ ያንቺ ተራ ከክሱ ይወድቃል፣ እኔም አንድ ይቀልልኛል።"

ኦቦ ቲጃኒ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

"ኡመይር" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኔን የጠራኸኝ ለእርቅ መስሎኝ ነበር።"

"አባቴ፣ እርቅ አይደለም እንዴ ይሄ?"

"ይሄማ ያንኑ ቡና ሁለተኛ ልትገዛው ነው፣ ያውም ዳግመኛ ሻጋታ ብለህ።" ወደ ዘይቡ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ውሰጂ ብዬ አላዝሽም። አትውሰጂም አልልሽም። ጣሪያሽን አውቀዋለሁ።"

ዘይቡ ተነሣች። የሽማግሌውን እጅ ስማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለኡመይር እንዲህ አለችው፦ "አንተ ሰው፣ ዘጠና ሺህ አምጥተህ ከእኔ ውሸት ትገዛለህ። እኔ በአሥራ አምስት ሺህ እውነት እየሸጥኩልህ ነበር። ረከሰብህ እንዴ?" ብሩን በእግሯም በእጇም ሳትነካ በበሩ ወጣች። የጅሬንን ቁልቁለት ባጃጅ ሳትይዝ በእግሯ ወርዳ ሳቢሃ ቤት ገባች።

የምስክር ቀን ችሎቱ ሞላ። የቡ ከነነፍሷ የመጣች ይመስል የኋላው ወንበር ሁሉ የሚታወቅ ፊት ነበር፤ ገበሬውም፣ ጆንያ የሚያሸቱት ገዢዎችም። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ዘይቡ በኦሮምኛ ማለች፣ በኦሮምኛ ተናገረች። ቡናዋን እንዴት እንደምታሰጣ፣ ስንቴ እንደምታገላብጥ አንድ ሳታስቀር አወራች። ዳኛዋ አላቋረጧትም።

የኡመይር ጠበቃ አቶ ተክለጻድቅ ደረሰኙን ይዘው ቀረቡ።

"ይህ የእርስዎ የጣት አሻራ ነው?"

"ነው።"

"ከበላዩ ደግሞ የሻገተ ጀንፈል ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ በራስዎ እጅ መሻገቱን አምነዋል።"

"ጌታዬ፣ ጣቴ ፊደል አልቆጠረም" አለች ዘይቡ። "ብሩን ቆጥሬ ተቀበልኩ፣ ለብሩ አተምኩ። ከላይ ያለውን የጻፈው እዚያ የተቀመጠው ነው። እሱን ይጠይቁት፣ እሱ እስከ አሥራ ሁለት ተምሯል።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ዳኛዋ ቀና ሲሉ ጸጥ አለ።

ቀጥሎ አጸደ ቀረበች። መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ስትምል ቃሉን እየተሳሳተች ነበር፤ ስለ ጣሳው ማውራት ስትጀምር ግን ፍርሃቷ ጠፋ። አቶ ተክለጻድቅ ፈገግ ብለው፣ በዓመት ስንት ሺህ ጆንያ እንደምትለቅም ጠየቋት። ቆጥሬ አላውቅም አለች።

"ታዲያ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የአራት ዓመቱን አሥር ጆንያ እንዴት አስታወሱት?"

"ጌታዬ፣ እኔ የማስታውሰው ቡናውን አይደለም" አለች አጸደ። "በዚያን ቀን ማታ ለልጆቼ ይዤ ያልገባሁትን ዳቦ ነው። ሻግቶ ቢሆን ኖሮ እኮ ጠግበው ያድሩ ነበር።"

አቶ ተክለጻድቅ ሌላ ጥያቄ የለኝም ብለው ተቀመጡ።

ፍርዱ የተነበበው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት ነው። ረጅም ነበር። የአሥራ ዘጠኙ ገበሬ ጉዳይ በየተራ ተነበበ፣ ኡመይር በሁሉም ጥፋተኛ ተባለ። ዘይቡ ግን የምትጠብቀው የራሷን ተራ ብቻ ነበር። ሲደርስ ዳኛዋ ጸሐፊዋን እንድታነብ ምልክት ሰጧት። ተከሳሹ የከፈለው ገንዘብም ሆነ በደረሰኙ ላይ ያሰፈረው መግለጫ የንብረቱን ዋጋ አይወስንም፤ ንብረቱ በተወሰደበት ቀንና ቦታ ሠላሳ ፈረሱላ ንጹህ፣ ከሻጋታ ነጻ የሆነ ጀንፈል መሆኑ በማስረጃ ተረጋግጧል፤ ዋጋውም አሥራ አምስት ሺህ ብር ነው፣ አለች። ጸሐፊዋን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ድምፅዋ ከፊት ወንበር አላለፈም።

ዳኛዋ የግል ተበዳዮች የሚሉት ነገር ካለ ጠየቁ። ስለ ገንዘቡ አመላለስ የጠየቁ ነበሩ። ዘይቡ እጇን አወጣች።

"ክብርት ሆይ፣ የእኔ ይደገምልኝ።"

"ምን ይደገም?"

"የተነበበው። ጮክ ተብሎ። ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

ኦሊያድ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ኋላው ወንበር አዩ። ለጸሐፊዋ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ጸሐፊዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ዘይቡ ዞረች። ጀርባዋን ለዳኛዋ፣ ፊቷን ለየቡ ሰዎች ሰጥታ ቆመች። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ወደ ፊት ዙሪ ብሎ በእጁ ምልክት አሳያት። ዳኛዋ ተዋት እንዳሉት አላየችም። ቢሏትም ባይሏትም አትዞርም ነበር። ንጹህ የሚለው ቃል ሲደርስ ጆንያዋን ሲያሸቱ የኖሩትን ሰዎች አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።